ወንድ ያለቀ ዕለት ዶሮውን ማን ያርደዋል?

ደብረ ታቦር ላይ ድግስ ደግሶ አሰለፈችን ያልጠራ ሰው ወይ ለከተማው እንግዳ ነው፣ ወይ የወጥ ነገር አይገባውም። ሠርግም ይሁን ክርስትና፣ ተዝካርም ይሁን የምረቃ ድግስ፣ ሽንኩርቱን የምታቁላላው እሷ፣ ዶሮውን የምትበልተው እሷ ናት። የዶሮ ብልት አሥራ ሁለት ነው። አሥራ ሁለቱንም አጥንት ሳትሰብር፣ ሐሞት ሳታፈስ፣ አፏም ሳያርፍ ለያይታ ትደረድራለች። አፏም ሳያርፍ ስል ስድቡን ጨምሬ ነው። ሽንኩርት አሳንሶ የገዛ ደጋሽ፣ እርጥብ እንጨት ያመጣ ሚዜ፣ ወጡ ሳይደርስ ክዳን የሚከፍት ሽማግሌ፣ ማንም አይቀርለትም። ሰውም ለምዷታል፤ እሷ ያልተቆጣችበት ወጥ በደንብ የበሰለ አይመስለውም።

እንዲህ ያለች ሴት ግን እስከ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ድረስ አንዲት ዶሮ አርዳ አታውቅም ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ አይገርመውም፤ እኔን የሚገርመኝ ይሄ አለመገረሙ ነው። በአገራችን የዶሮ አንገት የወንድ ነው፤ ከአንገት በታች ያለው ጣጣ በሙሉ የሴት ነው። ላባ መንጨቱ፣ መለብለቡ፣ በሎሚና በጨው አሥር ጊዜ ማጠቡ፣ ጭሱ፣ የሽንኩርቱ እንባ፣ ሁሉም የሷ ነው። ወንዱ አንዴ ቢላዋ ያሳርፍና እጁን ታጥቦ ደክሞት ይቀመጣል። ባሏ የሞተባት፣ ወንድ ልጅ ያልወለደች ሴት ደግሞ በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮዋን በአንድ እጇ፣ ቢላዋዋን በሌላው ይዛ ደጇ ላይ መገተር ነው፤ መንገደኛ እስኪያልፍ ድረስ። ሰካራም ይሁን ሌባ አይጠየቅም፣ ወንድ ይሁን ብቻ። እሱም ከታጣ የጎረቤት ሕፃን ተጠርቶ ትንሽዬ እጁን ቢላዋው ላይ ያሳርፋል፣ ሴትዮዋ ትቆርጣለች፣ ከዚያም «እገሌ አረደልኝ» ትላለች። አይ የኛ ነገር!

አሰለፈች ይህን ነገር ያየችው በስምንት ዓመቷ ነው። ያደገችው ጉና ግርጌ፣ ቁስቋም በምትባል መንደር ነው፤ ከገብስና ከድንች ሌላ እምብዛም በማይበቅልበት፣ ክረምት ላይ ሰው ከቤቱ ብቅ ብሎ የገዛ አጥሩን በማያይበት ጉም ውስጥ። አባቷ በሞቱ ዓመት፣ በእንቁጣጣሽ፣ እናቷ አመተማርያም ዶሮ ታቅፈው ከጧት ጀምሮ ደጅ ቆሙ። እስከ እኩለ ቀን ወንድ የሚባል አላለፈም፤ ሁሉም በየቤቱ እየበላ ነው። በኋላ አንድ ነጋዴ በበቅሎ ሲመጣ እናቷ መንገድ ላይ ወጥተው ለመኑት። ሰውዬው ወርዶ አረደና፣ አባቷ ይቀመጡበት በነበረው ቦታ ተዘርፍጦ ወጡን ጠበቀ፣ በላ፣ ሄደ። ስሙን እንኳ ያወቀ የለም። በሰው ፊት አንገታቸውን ደፍተው የማያውቁት እናቷ የማያውቁትን ሰው ሲለምኑ ማየቷ ከሆዷ አልወጣም።

በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለእብናት ሰው ተዳረች። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ፤ እንደ ወረደ ቀረ። ሞተ ያላትም የለ፣ አገባ ያላትም የለ። እሷም ሁለት ሦስት ዓመት ጠብቃ ሰለቻት፣ ኋላ የወለደቻትን ሴት ልጇን... አይ፣ ይህን በደንብ ልናገረው። ባልዮው ዘመናት አልፈው አንድ ክረምት ብቅ ብሎ ነበር፤ ሁለት ወር ተቀምጦ፣ ትዕግሥትን አስረግዟት ተመልሶ ጠፋ። አሰለፈች ልጇን አዝላ ደብረ ታቦር ገባች። መጀመሪያ የሰው ሠርግ ላይ ሳህን አጠበች፣ ቀጥሎ ሽንኩርት ላጠች፣ ከዚያ አንዲት ወጥ ሠሪ ታማ የቀረች ቀን ማማሰያውን ጨበጠች። ከዚያን ቀን ወዲህ የቀማት የለም።

ትዕግሥት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ሥነ ሕይወት ትማራለች፣ ሦስተኛ ዓመት። ስታጠና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው። እናትዮዋም ሽንኩርት እየላጠች ትሰማለች፤ ያልገባትን ትጠይቃለች፣ የገባትን ትከራከራለች። ባለፈው ሐምሌ ልጅቱ ስለ ሰው ልጅ የወደፊት ዕጣ እያነበበች ነበር። ወንዱን ወንድ የሚያደርገው ክሮሞዞም የሚሉት ነገር አለ፤ በያንዳንዷ የሰውነታችን ቅንጣት ውስጥ የተጠቀለለች ክር ናት። ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ከጥንዷ እኩል ነበረች አሉ። በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ እያነሰች እያነሰች ዛሬ ቁራጭ ሆናለች። አንዳንድ ተመራማሪዎች በዚሁ ከቀጠለች ከጥቂት ሚሊዮን ዓመታት በኋላ ጨርሳ ልትጠፋ ትችላለች ብለው ገምተዋል። ሌሎቹ ደግሞ የለም፣ ማነሷ ድሮ ቆሟል፣ የቀረችው ጠንካራዋ ናት ይላሉ። ያችን ክር ያጡ፣ ሆኖም እስከ ዛሬ ወንድ የሚወልዱ አይጥ መሰል እንስሳትም አሉ።

አሰለፈች ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«እና ወንድ ያለቀ ዕለት ዶሮውን ማን ሊያርደው ነው?» አለች።

ትዕግሥት እስኪያማት ሳቀች። እናትዮዋ ግን የምሯን ነበር፤ ጥያቄውን አላቆመችም። ሴት ሺህ ዓመት ቢላዋ ከተከለከለች እጇ ወደፊት ማረድ የማይችል እጅ ሆኖ አይቀርም ወይ ስትል ጠየቀች። ትዕግሥትም እንደሱ አይደለም አለቻት። አባት ጣቱ ቢቆረጥ ልጁ ጣት አልባ ሆኖ አይወለድም፤ ልማድም በደም አይተላለፍም፣ በአፍ ነው እንጂ። ሴት ልጅ ሁሉ ገና ምንም ያልተነገረው እጅ ይዛ ነው የምትወለደው። ቀጥላም ወደፊት ፅንስ ከማሕፀን ውጭ፣ በዕቃ ውስጥ ሊያድግ ይችላል የሚሉም እንዳሉ ነገረቻት። አሰለፈች ይህችን ለጥቂት ጊዜ አሰበችባትና የአራስ ገንፎው ነገር እንዴት ሊሆን እንደሆነ ጠየቀች። ገንፎውን ማን ሊበላው ነው፣ ዕቃው? ያን ቀን ወጡ ከማረር ለትንሽ ነው የተረፈው።

ነገሩ እዚያው በሳቅ ባለቀ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግን ከቁስቋም መልእክት መጣ።

አመተማርያም አሁን ወደ ሰማንያ ተጠግተዋል፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ደብረ ታቦር እንዲመጡ ስንት ጊዜ ተለምነዋል፤ ከቤቴ አልነቃነቅም ብለዋል። የገብስ ማሳቸውን በእኩል የሚያርሰው ይሻው ነው፤ የሟች ባላቸው የወንድም ልጅ። ይሻው ክፉ ሰው ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ገበሬ ነው፣ እጁ የማያርፍ፣ በጊዜ የሚያርስ፣ በጊዜ የሚያርም። ባለፉት ሦስት ዓመታት ደግሞ በዓል በመጣ ቁጥር ቢላዋውን ስሎ ይመጣል፣ የአሮጊቷን ዶሮ ያርዳል፣ በልቶ መርቆ ይሄዳል። አሰለፈችም ከከተማ ስትመጣ «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ» ትለው ነበር። ምን ታውቃለች! ሰውዬው ለካ እያንዳንዷን ዶሮ እየቆጠረ ኖሯል። አሁን አሮጊቷን የምጦራቸው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ቤቱና ማሳው በጧሪነት ለኔ ይናዘዙልኝ ብሎ ለሽማግሌ ተናገረ።

አሰለፈች ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ትዕግሥትን አስከትላ እሑድ ጧት ቁስቋም ገባች። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከወይራው ሥር፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። የአጥቢያው ቄስ አባ ገብረየሱስና፣ መንደሩ ውስጥ ያልዳኘው ጠብ የሌለው አያ ዓለምነው ናቸው ዋናዎቹ። ይሻው ቆሞ ተናገረ። ማሳውን አርሳለሁ አለ። ሰው ዝም ብሎ ሰማው፤ ማረሱንማ እኩሉን እየወሰደ ነው የሚያርሰው። ቀጠለና በዓል በመጣ ቁጥር ዶሯቸውን የማርደው እኔ ነኝ አለ። ያኔ የሽማግሌዎቹ ራስ ሁሉ በአዎንታ ተነቃነቀ።

አሰለፈችም ተነሥታ እሷ የምታደርገውን ዘረዘረች። መድኃኒቱን የምትልከው እሷ፣ ጋቢውን የገዛችው እሷ፣ ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜ ቆርቆሮ አስጭና የመጣችው እሷ፣ በየወሩ መጥታ ገላቸውን የምታጥባቸው እሷ። ሰሟት። አያ ዓለምነው በትሕትና መለሰላት፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ አምላክ ብድርሽን ይክፈልሽ አላት። ነገር ግን የአንድ ቤት ሰው የሚባለው በዚያ ቤት ቢላዋ የሚያነሣው ወንድ ነው፣ ይህ ደግሞ ሰው ያወጣው ሳይሆን የተፈጥሮ ነገር ነው አለ። ተፈጥሮ ወንዱን ለማረድ፣ ሴቷን ለመሥራት አዘጋጅታለች፤ ወደፊትም እንዲሁ ነው።

ይቺ «ወደፊትም» የምትባል ቃል ናት አሰለፈችን ያፈነዳቻት። ልጇን ሳትጠይቅ፣ ሳታመዛዝን፣ በኩሽና የሰማችውን ሁሉ ዘረገፈችው። ተፈጥሮ ተፈጥሮ ትላላችሁ፣ ተፈጥሮማ ወንድን ወንድ የሚያደርገውን ነገር እየጨረሰችው ነው፣ የተማሩት ሰዎች ደርሰውበታል፣ ድሮ ክንድ ያህል የነበረው ዛሬ የጥፍር ቁራጭ አክሏል አለች። ወንድ ያለቀ ዕለት ይህ ሁሉ ዶሮ ሳይታረድ ሊያረጅ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ቅጥሩ ውስጥ ያለው ሕዝብ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ በሳቅ ፈረሰ። ጫፍ ላይ የቆሙ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንዘፈዘፉ።

አባ ገብረየሱስ አልሳቁም። ትዕግሥትን ወደ ፊት ጠርተው እውነት መሆኑን ጠየቋት። ልጅቱ ፊቷ እንደ ቀላ፣ እናቷ እንዳለችው ሳይሆን ግምት መሆኑን፣ ሌሎች ሊቃውንት የሚቃወሙት መሆኑን፣ ክሯ ብትጠፋም ወንድ ይጠፋል ማለት እንዳልሆነ አስረዳቻቸው። የሚታወቀው አንድ ነገር ቢኖር የሰው አካል ተሠርቶ ያለቀ ነገር አለመሆኑ ነው አለች።

«ስንት ዓመት ይፈጃል አልሽኝ?»

«ይጠፋል የሚሉት አምስት ስድስት ሚሊዮን ይላሉ፣ አባ።»

«እንግዲህ እስከዚያው ወንድ ይረድ» አሉ አባ። ሕዝቡ ዳግመኛ ሳቀ። አሰለፈች ግን አልሳቀችም፤ ከሁሉ የከፋት የአባ ቀልድ ጥሩ ቀልድ መሆኑ ነበር።

ሽማግሌዎቹ የመጨረሻውን ቃል ከባለቤቷ አፍ እንስማ ብለው ነገሩን ለእንቁጣጣሽ ቀጠሩት። በዕለቱ አሮጊቷ ቤት ሄደው የሚጦርዎት ማን ነው ብለው ሊጠይቋቸው ነው። ይሻው በዚህ ተደሰተ። አመተማርያምን የማያውቅ የለማ፤ ጾም የማያስታጉሉ፣ ልማድ የማይነኩ፣ ጎረቤት ሴት ዶሮ አረደች ሲባል ሰምተው ለአንድ ዓመት ከዚያች ቤት ውኃ ያልጠጡ ሴትዮ ናቸው። ሳምንቱን መንደሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ጆንያ ማንሣት ያቃተውን ጎረምሳ «ጀመረህ እንዴ?» ይሉታል፤ ሚስቱ የተቆጣችውን «አይዞህ፣ ገና አምስት ሚሊዮን ዓመት አለህ» ይሉታል።

አሰለፈች ግን ወደ ደብረ ታቦር ስትመለስ መኪናው ውስጥ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ለእሷ ይህ በሽታ ነው። የምታስበው አንድ ነገር ነበር። እናቷ ለይሻው ከተናዘዙ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሊሆኑ ነው፤ በሰማንያ ዓመታቸው የሰው ፊት አይተው ሊበሉ ነው። እሷም እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ የይሻውን በር ልታንኳኳ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ አንድ ሰው በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ለአንዲት ደቂቃ፣ ቢላዋ ስላነሣ ነው። ቤቷ ስትደርስ ለትዕግሥት እኔ አምስት ሚሊዮን ዓመት የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም አለቻት። ዘንድሮ የእናቴን ዶሮ እኔ ነኝ የማርደው።

ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ሐሙስ ነበር የዋለው። አሰለፈች የከተማውን የበዓል ሥራ ሁሉ ጥላ፣ ስንቱን ደጋሽ አስከፍታ፣ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ይዛ ረቡዕ ከልጇ ጋር ቁስቋም ገባች። ሐሙስ ጧት እናቷ መደባቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ ፊታቸው ቆመችና፣ እናና፣ ዛሬ እኔ ነኝ የማርደው አለቻቸው። አመተማርያም ቀና ብለው አዩዋት። እሺም አላሉ፣ እንቢም አላሉ። ተመልሰው ጸሎታቸውን ቀጠሉ። አሰለፈች ከዚያ ዝምታ ስድብ ይሻላት ነበር።

ይሻው ሁለቱን ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። አዲስ ጋቢ ለብሷል፣ ቢላዋው ተስሏል። እንኳን አደረሳችሁ ተባባሉ። ከዚያ እንደ ለመደው እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ ዶሮውን አምጪው አላት።

«አንተ ተቀመጥ» አለችው አሰለፈች።

ወደ ግቢው ወጣች። የዶሮውን ክንፍና እግር በአንድነት ረገጠች፣ አንገቱን ይዛ ወደ ኋላ አጠፈች። ነጋዴውን አስባ ተናደደች፣ ይሻውን አይታ ተናደደች፣ መተማ የቀረውን ባሏን ሳይቀር ያን ጊዜ አስታወሰችው። ቢላዋውን አሳረፈች። ሠላሳ ዓመት ዶሮ የበለተ እጅ የት እንደሚቆርጥ አልጠፋውም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሳበችው። ደሙ ሣሩ ላይ ፈሰሰ፣ ዶሮው ተንፈራግጦ አረፈ። ቀና ስትል የጎረቤት ሰው ሁሉ አጥር ላይ ተደርድሯል።

«ይኸውላችሁ» አለች። «ሰማይ ወደቀ?»

ይሻው ሲቆጣ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን ፈገግ አለ።

«አሰለፈች፣ በስመ አብ ብለሻል?»

እጇ ላይ ያለው ቢላዋ ከበዳት። አላለችም። በእኛ ዘንድ ያለዚያ ቃል የታረደ ሥጋ ክርስቲያን አይቀምሰውም፤ ወንድ አረደው፣ ሴት አረደችው፣ ቃሉ ካልተባለ ጥንብ ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እሷም ታውቀዋለች። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠር ዶሮ አጠገቧ ሲታረድ ቃሉን የሚለው ወንዱ ነበር፤ እሷ የፈላ ውኃ ይዛ ትጠብቃለች። ለሌላው ሁሉ ተዘጋጅታ፣ ለይሻው የምትመልሰውን ስድብ ሳይቀር አጥንታ፣ ቃሉ ግን የሷ መሆኑ ትዝ አላላትም። አባ ገብረየሱስን አየቻቸው። አባ አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እውነቱን ነው፣ ልጄ። ይሄ ለውሻ ነው» አሉ።

አሰለፈች አፍራ መሬት መሬቱን አየች። ያ ሁሉ ምላስ የት እንደ ገባ እንጃ። ይሻው እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ነገር ካለ ባለቤቱ ሲነካ እንዲህ ነው እያለ ለአያ ዓለምነው ያወራል። የመጣንበትን እንጨርስ፣ አሮጊቷን እንጠይቅና እንሂድ ይላል። ትዕግሥት የእናቷን ክንድ ያዘች፤ አሰለፈች ክንዷን አስለቀቀቻት። ማንም እንዲነካት አልፈለገችም፤ ብትነካ ልታለቅስ ነው።

በዚህ መሐል ከበሩ በኩል የበትር ድምፅ ተሰማ። አመተማርያም ተነሥተው መጥተዋል። ብርሃኑ ዓይናቸውን እየወጋቸው ሣሩ ላይ ያለውን ዶሮ አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ትዕግሥትን ጠሩ።

«ያቺን ቄብ አምጪልኝ» አሉ። ቄቧ እንቁላል ለመጣል የደረሰች፣ ራሳቸው ከጫጩት ያሳደጓት ዶሮ ናት።

ይሻው ፈጠን ብሎ ቢላዋውን አነሣ፤ እኔ አርድልዎታለሁ፣ እሜቴ አለ። አመተማርያም እንዳልሰማ ሰው አለፉት። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ወደ አሰለፈች ዘረጉ፣ ቢላዋውን ተቀበሏት።

«አንቺ ተናደሽ ነው ያረድሽው» አሏት። «ተናደው አያርዱም። ያዢልኝ ክንፏን።»

አሰለፈች ተንበርክካ ክንፏን ያዘች፣ ትዕግሥት እግሯን ያዘች። አሮጊቷ የቄቧን አንገት ያዙ። ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መለሱና አማትበው፣ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን አሉ፤ ቃል በቃል፣ አጥር ላይ ያለው ሁሉ እንዲሰማ። አንገቷን አንድ ጊዜ ቢስቡት አልበቃም፤ ደግመው ሳቡት።

«አባ፣ ዝም ይላሉ?» አለ ይሻው።

አባ ገብረየሱስ ጺማቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። ሰውዬው አዋቂ ናቸው፤ መጽሐፉን ሁሉ በልባቸው እየገለጡ እንደሆነ ከፊታቸው ያስታውቃል። በመጨረሻ ልማዱን አውቀዋለሁ፣ ይህን የሚከለክል የተጻፈ ነገር ግን አላነበብኩም አሉ። ባነብ ኖሮ እነግራችሁ ነበር።

«ቃሉን እኔም አውቀዋለሁ» አሉ አመተማርያም ቢላዋውን በሣር እየጠረጉ። «ስልሳ ዓመት ውኃ ይዤ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ሰው አንድ ነገር ስልሳ ዓመት ሰምቶ አይማርም?»

አያ ዓለምነው ጉሮሮውን ጠርጎ የመጡበትን ነገር አነሣ። የሚጦርዎት ማን ነው፣ ቤቱንና ማሳውንስ ለማን ይላሉ ብሎ ጠየቃቸው። አመተማርያም ቢላዋውን አስቀመጡ። ይሻውን ወደሳቸው ጠሩት። ማረስህን እረስ፣ እጅህ ጥሩ ነው፣ እኩልህን ውሰድ፣ ከዚያ በላይ ግን እኔ ቤት ያስቀመጥከው ዕቃ የለህም አሉት። አሰለፈችንም አልማሯትም፤ አንቺም እናትሽን ብለሽ ብቻ አይደለም የተሟገትሽው፣ የአባትሽም ቤት ስለሆነ ነው አሏት። እሷም አንገቷን ደፋች፤ ጥቂት እውነት ነበረበት። ከሞትኩ በኋላ የልጄ ነው፣ ከሷም በኋላ የልጅ ልጄ ነው፣ ይጻፍልኝ አሉ።

«እስከዚያ ግን የኔ ነው» አሉ። «በሕይወት ያለሁ ሰው እኮ ነኝ። እናንተ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ወንድ ማለቅ ስታወሩ እኔን አለቀች ብላችሁ ተካፈላችሁኝ።»

ይሻው ቢላዋውን ወደ አፎቱ መለሰ፤ ሊሄድም ተነሥቶ ነበር። አመተማርያም በበዓል ቀን ከቤቴ ሳይበላ የሚወጣ ሰው የለም ብለው አስቀመጡት። እሱም ተቀመጠ፤ ምን ያድርግ።

ወጡ እስኪደርስ ረጅም ሰዓት ፈጀ። አሰለፈች እንደ ልማዷ ምድጃው አጠገብ ሆና ተቆጣች፤ እንጨቱን ተሳደበች፣ ሽንኩርቱን ተሳደበች፣ ጭሱን ተሳደበች፤ የመንደሩ ሴቶች ግን ዓይኗ የቀላው በጭስ ብቻ እንዳልሆነ አውቀው ዝም አሏት። አያ ዓለምነው ሽታው አላስቀምጥ ብሎት ሁለቴ ክዳን ሊከፍት መጥቶ ሁለቴም ተባሮ ተመለሰ። ማዕዱ ሲቀርብ ሁሉም ከበበው። አባ ገብረየሱስ ባረኩ፣ ቆረሱም።

ከዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አንዱ ፈረሰኛ ይባላል። ፈረሰኛ የአባወራው ነው፤ አባወራ በሌለበት ያረደው ወንድ ይበላዋል። ሦስት ዓመት ይሻው ሲበላው ኖሯል፤ ከሱ በፊት አላፊ አግዳሚው ሁሉ። አሰለፈች በጭልፋ አወጣችውና እጇ መሐል ላይ ቆመ። ልማድ ሆኖባት ወደ ወንዶቹ አየች። ያን ጊዜ አመተማርያም እንጀራቸውን ወደሷ ገፋ አደረጉ።

«እናና፣ ፈረሰኛው እኮ ነው» አለቻቸው።

«ምን እንደሆነ ለኔ ትነግሪኛለሽ?»

አስቀመጠችላቸው። አሮጊቷ ከዚህ በፊት ፈረሰኛ አፋቸው ገብቶ አያውቅም፤ ብልቱን ለያይተዋል፣ ሠርተው አቅርበዋል፣ በልተውት ግን አያውቁም። ቀስ ብለው፣ በቀሩት ጥርሶቻቸው፣ አላመጡት። ማዕዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጉርሻውን ይዞ ይጠብቃቸዋል። ዋጡና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ይኸው ነው?» አሉ። «ስልሳ ዓመት ለዚህ ነው?»

አባ ወደ እንጀራቸው አቀረቀሩ። አመተማርያም አጥንቱን አንሥተው መጋጥ ቀጠሉ።